ክብርት ቅጠል

ታላላቅ ሰዎች ከሥልጣን ሲወርዱ ክብራቸውንና ወንበራቸውን ይዘው ይወርዳሉ ይባላል። ሰብሳቢው ግን ወንበሩን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ስላስቀረባቸው፣ ክብራቸውንና አንድ ማሰሮ ቅጠል ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የሥልጣን ርክክብ መዝግቦ አያውቅም፤ መዝግቦም ከሆነ እኛ አልሰማንም።

ሰብሳቢ የተባሉት ስለሚሰበስቡ ነው። በሥራ ዘመናቸው ጠዋት ይሰበስባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጠዋቱ ስብሰባ ለምን ውጤት እንዳላመጣ ለመገምገም ይሰበስባሉ። ሥራ የሚሠራው በመካከሉ፣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ነበር። ጡረታ የወጡ ዕለት የመሰናበቻውን ንግግር ያደረገው ምክትላቸው ነው። ይህ ሰው ከእናቱ ሆድ በምክትልነት የወጣ ነው፤ ሰብሳቢው "ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም" ካሉ፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶም ቢሆን ጃንጥላውን ይዘረጋል። "ክቡርነትዎ የተከሉት ሁሉ እንደዚህ ተክል ለምልሞ ይኑር" አለና ማሰሮዋን አስረከባቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም ከልቡ ነበር ያጨበጨበው፤ ከነገ ጀምሮ ስብሰባ የለማ።

ተክሏ ሙቀትና ዝናብ ከማይለየው የሩቅ ጫካ የመጣች ዘር ናት። ቅጠሎቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ፊታቸው ሠዓሊ ብሩሹን የሞከረበት ይመስላል፣ ጀርባቸው ወይን ጠጅ ነው። እንግዳ ከተባለ እንደ እሷ ያለ ጨዋ እንግዳ አልታየም፤ አትበላም፣ አታወራም፣ ከሰው ቤት የሰማችውን ሌላ ሰው ቤት አትወስድም። ሳሎን ውስጥ፣ የሰብሳቢው ሚስት ልብስ ከምትተኩስበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧት።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ የቤቱ ሳሎን ብቻ ሳይሆን የእሷም መሥሪያ ቤት ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ መተኮሻዋ ከመኪናው ጎን፣ ደንበኞቿ ደግሞ ከሶፋው እስከ በሩ። ቤቱን ለብዙ ዘመን ያስተዳደረችው ያለ አንድ ስብሰባ ስለነበር፣ ሰብሳቢው ሁኔታውን ሲያዩ "አሠራር የለም" ብለው አዘኑ።

በመሥሪያ ቤት እሳቸው በር ሲከፍቱ የማይነሣ አልነበረም፤ ወገቡን የሚያመው እንኳ ቢያንስ በዓይኑ ይነሣል። ቤት ግን ሌላ አገር ሆነባቸው። በጡረታቸው ማግሥት አመሻሽ ላይ ከእግር ጉዞ ሲመለሱ፣ ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። መድኃኒት ቤት ስትሠራ ውላ የመጣችው ልጃቸውም ሶፋው ላይ እንደተጋደመች "ደህና ዋልክ አባዬ" ከማለት በቀር ንቅንቅ አላለችም። ተክሏ ግን ቆማ ነበር። ጠዋት እንደ ምንጣፍ ተዘርግተው የነበሩት ቅጠሎቿ በሙሉ ቀጥ ብለው፣ ጀርባቸውን ለሰው እያሳዩ፣ ወደ ላይ ተነሥተዋል።

"አያችሁ?" አሉ ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምኑን?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል።

"ተነሣችልኝ።"

ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ አየች። "አባዬ፣ ይሄ ዓይነት ቅጠል ሲመሽ እንዲህ ነው። ጠዋት ይዘረጋል፣ ማታ ይሰበሰባል።"

"ስገባ ነው የተነሣችው።"

"አንተ የገባኸው ሲመሽ ነዋ።"

"ለሁሉ ነገር ምክንያት መፈለግ ደግ አይደለም፣ ልጄ" አሉና ለተክሏ ባርኔጣቸውን አነሡላት።

ከዚያች ምሽት ጀምሮ በቤቱ የማዕረግ ለውጥ ሆነ። ልጅቱ ለቀልድ "ክብርት" ብላ ጠራቻት፤ አባትዬው ቀልዱን እንደ ሹመት አጸደቁት። ሚስታቸውን "አንቺ" እያሉ፣ ተክሏን "እርስዎ" ማለት ጀመሩ። እኛም ሥርዓት ስለምናውቅ ከዚህ በኋላ ክብርትን አንቱ እንላለን።

ክብርት በመጀመሪያው ሰሞን ደህና ነበሩ። መተኮሻው ጎን ተቀምጠው፣ አዲስ ቅጠል እንደ ደብዳቤ ጠቅልለው ያወጡ ነበር። ነገር ግን ደህና የሆነን ነገር ዝም ብሎ ማየት አመራር አይባልም። አንድ ቀን ሰብሳቢው ከአንድ ያረጀ ቅጠል ጫፍ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቡናማ ነገር አዩ። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ ስለ ተክሎች ሲያነቡ ዋሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡን ሰበሰቡ።

"አጀንዳው አንድ ነው" አሉ ቆመው። "እርጥበት።"

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ ስፒል እንደያዘች "ህም" አለች።

"ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ?"

ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። "ስፒል ነው።"

"ክብርት የመጡበት አገር አየሩ ራሱ ይጠጣል። የእኛ አየር ግን በጥልቀት ሲፈተሽ ሰፊ ክፍተት ይታይበታል።"

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ የተረፈ ብርጭቆ ውሃ አንሥታ ማሰሮው ላይ ልታፈስ ስትል፣ ሰብሳቢው እጇን ቀለቡት።

"አታብዢባቸው። ውሃ ሲበዛ ሥር ይበሰብሳል። እርጥበት የሚያስፈልገው አየሩ ነው እንጂ አፈሩ አይደለም። በይ ድገሚው።"

"ምኑን?"

"ውሃ ሲበዛ…"

"ሥር ይበሰብሳል" አለች ልጅቱ፣ እንደ ተማሪ እየጎተተች።

ሰብሳቢው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺም።"

"ሰምቻለሁ።"

"መስማት ሌላ፣ መድገም ሌላ።"

"ውሃ ሲበዛ ሥር ይበሰብሳል" አለች ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እያፋጨች፤ የተናገረችውን የማትረሳ ሴት መሆኗን ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ያስተዋለ የለም።

በስብሰባው ውሳኔ መሠረት አንድ የውሃ መርጫና አንድ የእርጥበት መለኪያ ወደ ቤቱ ገቡ። መለኪያው እንደ ሰዓት ክብ ነው፤ ፊቱ ላይ "ደረቅ"፣ "መካከለኛ"፣ "እርጥብ" የሚሉ ሦስት ሠፈሮች አሉት፤ ጠቋሚው በእነሱ መካከል ይመላለሳል። ገና ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ጠቋሚው ከመካከለኛው አልፎ እርጥቡን ተጠግቶ ቆመ።

"ጥሩ ነው ማለት ነዋ" አለች ልጅቱ።

"ጥሩ ነው ማለት ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው።"

በእርግጥም ተሻሻለ። በተለይ ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን ውሃ እያርከፈከፈች ስትተኩስና ካውያዋ "ጭስስ" እያለ ጉም ሲተፋ፣ ጠቋሚው እርጥቡ ሠፈር ውስጥ ገብቶ ቤተኛ ይሆን ነበር። ሰብሳቢውም ልክ በዚያው ሰዓት የመርጫቸውን እጀታ ሁለቴ ጨቆን ጨቆን ስለሚያደርጉ፣ ውጤቱ የማን እንደሆነ ለመጠራጠር ክፉ መሆን ያስፈልጋል። ምክትሉ ሊጠይቃቸው መጥቶ ጠቋሚውን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"የአመራር ውጤት ነው፣ ሰብሳቢ።"

"እኔ አቅጣጫ ነው ያስቀመጥኩት" አሉ እሳቸው በትሕትና፣ መርጫቸውን ወደ ጣሪያ አንሥተው እየጨቆኑ። "አሁን ይዘንባል።"

ምክትሉ ሳሎን ውስጥ ጃንጥላውን ዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ አየችውና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። አንዳንድ ነገር ሲታይ ስለሚበቃ ነው።

ድል ሌላ ድል ይጠራል። ሰብሳቢው ቀጥሎ ያነበቡት፣ የክብርት ዘር ደማቅ ሆኖ በቀጥታ የማይመታ ብርሃን እንደሚወድ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ስፌት መኪናው ባለበት መስኮት ሥር።

"መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው በምንድን ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"በመርህ ደረጃ ችግሩን እንረዳለን።"

"በመርህ ደረጃ ክር አይገባም።"

"እስከ ዛሬ ስንት ልብስ ሰፍተሻል፤ እጅሽ ለምዶታል። ክብርት ግን አዲስ ናቸው።"

ልብስ ሰፊዋ ተከራከረች፣ ተቆጣች፣ መጨረሻ ላይ ጎረምሳ ደንበኛ ሱሪ አጥብቢልኝ ሲላት እንደምታደርገው ትከሻዋን ሰበቀች። መኪናዋ ወደ ጥጉ ተገፋ፤ መተኮሻው ግን ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ መስኮቱ አጠገብ፣ ከክብርት ጎን ቀረ። እሷም ልብስ ስትሰፋ ክርና መርፌ ይዛ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ እየተመላለሰች፣ ከመስኮቱ ሰብሳቢው "ጥላ ጣልሽባቸው" እያሉ እየመለሷት ሰነበተች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ንፍጡ ለቤተሰቡ ደረሰና ፍቅሩን ቅጠል ወሰደው።

ቀጥሎ ነፋስ ተወገዘ። ነፋስ እርጥበት ይሰርቃል ተባለና መስኮቶቹ ሁሉ ተዘጉ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጢም በቀለ፤ ሶፋው እንደ ረጠበ ውሻ መሽተት ጀመረ። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ስትደርስ ባልደረቦቿ "ዝናብ አለ እንዴ ውጭ?" ይሏት ነበር። "ውጭ የለም" ትላለች።

ክፉ ቀን የመጣው በቬሎ ነው። ቬሎው የሙሽራ ልብስ ነው፤ ነጭ ሳቲን፣ ከደረቱ እስከ እግሩ በእጅ የተጠለፈ። ልብስ ሰፊዋ ጨርሳው፣ በሩ ላይ ሰቅላው፣ ሙሽራዋ ልትለካው በመንገድ ላይ ነበረች። ሰብሳቢው በዚያ ጠዋት "ጉም" የሚባል አዲስ ስልት ነድፈው ነበር፤ መርጫውን ወደ ክብርት ሳይሆን ወደ አየሩ በሙሉ፣ ዙሪያውን እየዞሩ መጨቆን። ዞሩ። ጨቆኑ። ጉሙ ወረደ። ከሰማይ የወረደ ነገር ደግሞ መርጦ አያርፍም።

ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ ስትመጣ ቬሎው ነጠብጣብ ለብሶ ቆሟል።

"ውሃ እኮ ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ይደርቃል።"

"ሳቲን ላይ ውሃ ሲደርቅ ካርታ ይሥላል።"

"ለዕድገት የሚከፈል መሥዋዕትነት…"

"ሰብሳቢ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ዝግ ብላ ነው። "እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

ልጅቱ ከሶፋው ላይ ብድግ አለች። እናቷ አባቷን አንቱ ስትል በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

"ይሄ መስኮት የማን ነው?"

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥያቄው ተገቢ ነው። እናጠናዋለን።"

"እንግዲያው ሲጠና ይጥሩኝ። መስኮቴ ሲመለስ እመለሳለሁ።"

ንግግሯ ይህ ብቻ ነው። የመኪናዋን ራስ ከእግሩ ፈትታ ተሸከመች፤ ልጅቱ እግሩን ያዘች። ካውያው፣ መተኮሻው፣ የስፒል ቆርቆሮው፣ ቬሎው፣ ሁሉም በየተራ መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ካለችው ከታላቅ እህቷ ቤት ገቡ። ልጅቱም "ደረቅ ትራስ ላይ ተኝቼ ላየው" ብላ ልብሷን ጠቅልላ ተከተለች። ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆመው ዕቃው ሁሉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ "ጊዜያዊ ዝውውሩን ፈቅጃለሁ" አሉ። ማንም ስላልሰማቸው ውሳኔው ተቃውሞ አልገጠመውም።

አሁን ቤቱ የሰብሳቢውና የክብርት ሆነ። እንደ ልብ። የሚከፈት በር የለም፣ የሚያንኳኳ መኪና የለም፣ ሙቀት የሚተፋ ካውያ የለም። በዚያ ምሽት ሰብሳቢው ከእግር ጉዞ ሲመለሱ ክብርት ቀጥ ብለው ተነሡላቸው። "ደህና ዋሉ" አሏቸው ሰብሳቢው። ከዚያ ሻይ የሚያፈላ ሰው እንደሌለ ትዝ አላቸው፤ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገብተው ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቀው እንደማያውቁ ተረዱ። ያለ ስኳር ጠጡ። መስኮቱን የመመለስ ሐሳብ በልባቸው ብልጭ ሳይል አልቀረም፤ ነገር ግን የተወሰነ ውሳኔ ወደ ኋላ ከተመለሰ ነገ ስንቱ ሊመለስ ነው?

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠቋሚው ከእርጥቡ ወደ መካከለኛው ወረደ። ከዚያ መካከለኛውን እንደ ደንበኛ ሰላም ብሎት አለፈና ደረቁ ሠፈር ገብቶ ተቀመጠ። ሰብሳቢው በጣታቸው ቆረቆሩት። ጠቋሚው ወይ ፍንክች።

ምክትሉ ተጠራ።

"መለኪያው ነው የተበላሸው፣ ሰብሳቢ።"

"ቅጠሎቹም ተጠቅልለዋል እኮ።"

ምክትሉ ቅጠሎቹን አየ፣ የሰብሳቢውን ፊት አየ፣ እንደገና ቅጠሎቹን አየ። "ቅጠሎቹም ተበላሽተው ይሆናል።"

የእርጥበት ግብረ ኃይል በዚያው ተቋቋመ፤ አባላቱ ሰብሳቢውና ምክትሉ ናቸው። ትሪ ላይ ጠጠር ተደርድሮ ውሃ ተሞላበት፤ ክብርት ላዩ ላይ ተቀመጡ። ወንበሮቹ ሁሉ እርጥብ ፎጣ ለበሱ። ክብርት የላስቲክ ከረጢት ተከናንበው ዋሉ፤ ከረጢቱ ሲገለጥ ማላብ ሳይሆን ማኩረፍ ነበር የያዛቸው። ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ተጥዶ እንዲፈላ ተደረገ፤ ግብረ ኃይሉ ስለ አፈላሉ ሲወያይ ውሃው አልቆ ማንቆርቆሪያው ቂጡን በሳ። በመጨረሻ ሁለቱ አንጋፋ ሰዎች ማሰሮውን በመካከላቸው አድርገው፣ በግራና በቀኝ ወንበር ስበው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ትንፋሻቸውን ወደ ቅጠሎቹ ይልኩ ጀመር። ሃህ። ሃህ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚሉት እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን ትጋታቸውን እናደንቃለን።

"ሰብሳቢ፣ እኔ ራሴን አዞረኝ" አለ ምክትሉ።

"እረፍ። ቀሪውን እኔ እተነፍሳለሁ።"

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ሰብሳቢው ከእግር ጉዞ ተመለሱ። በሩን ከፈቱ። ሳሎኑ ጭር ብሏል፤ ጥጉ ላይ መኪናው የነበረበት ቦታ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጠበቁ።

ክብርት አልተነሡም።

ቅጠሎቹ እንደ አሮጌ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ጫፋቸው ተቃጥሎ፣ ወደ ወለሉ ያዩ ነበር። ሰብሳቢው ወጡና እንደገና ገቡ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ምንም። በመጨረሻ ፎጣውን ሳያነሡ እርጥብ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ "እህህ" አሉ፤ "እህህ" ሲሉ "ምን ሆንክ?" የሚላቸው እንደሌለ ሰሙ። ሰው ዝምታን ይሰማል ወይ ቢባል፣ እሳቸው በዚያች ሰዓት ሰምተዋል።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ክብርትን በካፖርታቸው ጠቅልለው፣ መርጫውን አንድ ኪስ፣ መለኪያውን ሌላ ኪስ ከተው መንገዱን ተሻገሩ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጣለባቸው።

"ጌታዬ፣ ሕፃን ነው?" አለ ባለሱቁ።

"በሽተኛ ናቸው" አሉና ፍጥነታቸውን ጨመሩ።

በሩን የከፈተችው የሚስታቸው ታላቅ እህት ናት፤ ምላሷ ከእህቷ መቀስ የማያንስ ሴት። ሰውዬውን አየች፣ ከካፖርቱ ብቅ ያለውን ቅጠል አየች።

"ለእርጥብ ሬሳ ደረቅ ሬሳ ተነሣ አሉ። ከሁለታችሁ የታመመው የትኛው ነው?"

"እትዬ፣ እባክሽ አስገቢን።"

ገቡ። ገና እንደገቡ መነጽራቸው በጉም ተሸፈነና ምንም አላዩም። ቤቱ ሁለት ጠባብ ክፍል ነው። ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል፤ ገመድ ላይ እጥበት ይንጠባጠባል፤ ልጃቸው ታጥባ የወጣችበት የመታጠቢያ በር ተከፍቶ እንፋሎቱ እየተከተላት ነው። ከመሐል "ጭስስ" የሚል የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ።

መነጽራቸውን ጠርገው ሲያደርጉ ሚስታቸው መተኮሻዋ ላይ ናት። የቬሎውን የተበላሸ ፊት ፈትታ፣ በአዲስ ሳቲን ተክታ ለሙሽራዋ አስረክባ ጨርሳለች፤ አሁን የምትተኩሰው የተማሪ ደንብ ልብስ ነው፤ በክምር። ሰብሳቢው ክብርትን ጠረጴዛው ጎን አስቀመጡና፣ ከልማድ የተነሣ መለኪያውን ከኪሳቸው አወጡ። ጠቋሚው እንደ ነቃ ሰው ተንጠራራ። ደረቁን ለቀቀ፣ መካከለኛውን ሳይሰናበት አለፈ፣ እርጥቡ ሠፈር ገብቶ ተደላደለ።

ሰብሳቢው ጠቋሚውን አዩ። ካውያውን አዩ። ድስቱን፣ እጥበቱን፣ የልጃቸውን እርጥብ ፀጉር አዩ። የሆነ ነገር ገባቸው። ሊናገሩት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ለአንድ መሪ የገባው ሁሉ የሚነገር አይደለምና መልሰው ዘጉት።

"ምን እግር ጣለዎት?" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ አሁንም አንቱ ናቸው።

"ክብርት… አየር መለወጥ አስፈልጓቸው።"

"አየር እዚህ ሞልቷል። መስኮቱስ?"

"እየተጠና ነው።"

"አሃ።" ካውያዋን አነሣች። ጨርቁ ደርቆ አልተኮስ ብሏታል፤ ማርከፍከፊያ ውሃዋ አልቋል። ዓይኗ ኪሳቸው ላይ አረፈ። "ያ መርጫ ውሃ አለበት?"

"አለበት።"

"እስቲ እዚህ ጠርዙ ላይ። በስሱ።"

ሰብሳቢው ጨቆኑ።

"በስሱ አልኩ እኮ። ዝናብ አልጠራሁም።"

እንደገና ጨቆኑ፤ በስሱ። ካውያው ወረደ፣ ጉሙ ተነሣ፣ ጨርቁ እንደ ብርጭቆ ቀና። ሰብሳቢው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ነገር ሲጀመርና ሲያልቅ በአንድ ቀን አይተው አያውቁም ነበርና ትንሽ ደነገጡ።

ከዚያ በኋላ ለክብርት ክትትል እየተባለ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ጠዋት ይመጣሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ፤ በመካከሉ ይጨቁናሉ። ምክትሉ ቤታቸው አጥቷቸው ፈልጎ ሲያገኛቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የተማሪ ሱሪ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

"ሰብሳቢ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኃላፊነት ተሰጥቶኛል" አሉ ቀና ሳይሉ። "የእርጥበት።"

"ይገባዎታል" አለ ምክትሉ፤ ጃንጥላውንም ዘረጋ። ታላቅ እህት ጃንጥላውን ከእጁ ነጥቃ እጥበት ሰጣችበት።

ክብርት በዚያ ጠባብ ቤት፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ስልት፣ ቀስ በቀስ ተፍታቱ። የተቃጠሉት ጫፎች አልዳኑም፤ ግን ከመካከል አንድ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ አለ። አንድ አመሻሽ ላይ ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ጎን እንደተቀመጡ፣ ልብስ ሰፊዋ የተጣጠፈ ልብስ ተሸክማ ከጓዳው ስትመጣ፣ ቅጠሎቹ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"አያችሁ?" አሉ ሰብሳቢው። "ተነሡልኝ።"

"አባዬ" አለች ልጅቱ፣ ልብስ እያጣጠፈች። "አንተ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ተቀምጠሃል። አሁን የገባችው እማዬ ናት።"

ሰብሳቢው ይህን አሰቡት። መርሁን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ክብርት የሚነሡት ለሚገባ ሰው ነው። መርህ ደግሞ መርህ ነው። ቅጠሉን አዩ። ሚስታቸውን አዩ፤ ከተሸከመችው ክምር በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ በጭላንጭል መርፌ ሲያሳድድ የሰነበተ ዓይን፣ ቀላ ያለ። ከዚያ በዚያች ሴት ፊት አድርገውት የማያውቁትን ነገር አደረጉ።

ተነሡ።

ክምሩን ከእጇ ተቀበሏት፣ ወንበራቸውን ሳቡላት፣ መርጫውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"መስኮቱ…" አሉ።

"መስኮቱ ምን?"

"ተጠንቷል።"

"እና?"

"ያንቺ ነው። ድሮም ያንቺ ነበር ይላል፤ ጥናቱ።"

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ከዚያ "ነገ መኪናውን የምትሸከመው አንተ ነህ" አለች። አንተ አለቻቸው። ሰብሳቢው ሹመት እንደተመለሰለት ሰው አንገታቸው ቀና አለ።

ታላቅ እህት ከምድጃው ዞረች። "እሰይ የእኔ ወንድም። እንዲህ ነው እንጂ ትልቅ ሰው፤ አስተዋይ፣ ጨዋ፣ ቁጭ ብሎ የሚያጠና፣ ያጠናውን የማይደብቅ…"

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደረታቸው ሰፋ። አጭር ንግግር ሊያደርጉ መርጫውን ወደ አንድ እጃቸው አዛወሩ።

"ተይው እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጫማዋን እያወለቀች። "አታብዢበት። ውሃ ሲበዛ ሥር ይበሰብሳል።"